ሄንሪ ዱናንትና የወጣቶች ማኅበር

በጎንደር ከተማ የምትኖሩ ተማሪዎች ሆይ፣ በትምህርት ቤታችሁ ግቢ የቅርጫት ኳስ ስትጫወቱ ከአጥሩ ውጭ ቀይ መስቀል የተሳለበት አምቡላንስ እየጮኸ ቢያልፍ፣ ሁለቱ ነገሮች የሚዛመዱ አይመስላችሁ ይሆናል። አንዱ ጨዋታ ነው፤ ሌላው የሕመምና የጭንቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱን የትውልድ ሐረግ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ብትሄዱ ከአንድ ቤት ደጃፍ ትደርሳላችሁ። ይኸውም የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ ባጭር ስሙ ወወክማ፣ የሚባለው ነው። የቅርጫት ኳስን በ1891 የፈለሰፈው ጄምስ ኔይስሚዝ በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ በሚገኘው የዚህ ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት መምህር ነበረ። የቀይ መስቀልን ሐሳብ ያመነጨው ሄንሪ ዱናንት ደግሞ በወጣትነቱ የማኅበሩን የጄኔቫ ቅርንጫፍ ከመሠረቱት፣ ማኅበሩም የዓለም ኅብረት እንዲሆን ከደከሙት ሰዎች አንዱ ነው። ቀጥሎ የምታነቡት የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስተውሉ።

ሄንሪ ዱናንት ሜይ 8 ቀን 1828 በስዊዘርላንድ አገር በጄኔቫ ከተማ ተወለደ። አባቱ ዣን ዣክ ነጋዴ ሲሆን፣ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች በመርዳት የታወቀ ሰው ነበረ። እናቱ አንቷኔት ኮላዶንም ድሆችንና በሽተኞችን በየቤታቸው እየሄደች ትጠይቅ ነበረ። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ከወላጆቹ ጋር ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ተጉዞ በቱሎን ወደብ እግር ብረት የገባላቸውን እስረኞች አየ። ያየውም ነገር ከልቡ ሳይጠፋ ቀረ፤ ካደገ በኋላ እሑድ እሑድ ወደ ጄኔቫ ወህኒ ቤት እየሄደ ለእስረኞች መጻሕፍት ያነብላቸው ነበረና።

በትምህርቱ ግን የሚያስመካ ተማሪ አልነበረም። ውጤቱ እያነሰ ስለ ሄደ በ1849፣ በ21 ዓመቱ፣ ይማርበት ከነበረው ከታወቀው የጄኔቫ ኮሌጅ ወጣና በአንድ ባንክ ቤት ተለማማጅ ሆኖ ገባ። ይህን የምንነግራችሁ ስንፍናን ለማወደስ አይደለም፤ ሰውየው በኋላ ዘመን በሒሳብና በውል ነገር የደረሰበትን መከራ ስታነቡ ነገሩን መልሳችሁ እንድታስታውሱት ነው።

በዚያ ዘመን በስዊዘርላንድ የፕሮቴስታንት ምእመናን መካከል ብርቱ የሃይማኖት መነቃቃት ነበረ። የዚህ መነቃቃት ማዕበል እስከ እኛ አገር ድረስ ደርሶ ነበር። በ1830 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዱናንት የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ ሳሙኤል ጎባት የሚባል የስዊዘርላንድ ተወላጅ ሚስዮናዊ ጎንደር ገብቶ ከሊቃውንቱ ጋር ስለ ሃይማኖት ይከራከርና በአማርኛ የታተመውን ወንጌል ያድል ነበረ። ጎንደር በዚያን ጊዜ የመሳፍንት ዘመን የደከሙ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። እንግዲህ የጎባትን ስም ከአገራችን ታሪክ የምታውቁ ተማሪዎች፣ ዱናንት ያደገበት መንፈስ ጎባትን ከአገሩ አስነሥቶ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ከላከው መንፈስ ጋር አንድ ምንጭ እንዳለው ልብ በሉ።

ዱናንት 18 ዓመት ሲሆነው ለድሆች ምጽዋት ከሚሰበስብ የጄኔቫ ማኅበር ገባ። በ1847 ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር በየሳምንቱ ሐሙስ የሚሰበሰብ አንድ ጉባኤ አቋቋመ። ስሙም የሐሙስ ማኅበር ተባለ። ወጣቶቹ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ፤ ይመካከራሉ፤ ከዚያም ተከፋፍለው የተራቡትንና የታመሙትን ይጎበኛሉ። በእኛ አገር ወላጆቻችሁ በወር አንድ ቀን በጻድቅ ወይም በመልአክ ስም ተሰብስበው ጽዋ እንደሚጠጡ፣ ከመካከላቸው አንዱ ቢታመም ወይም ቢቸገር እንደሚረዳዱ ታውቃላችሁ። የጄኔቫ ወጣቶች ጉባኤም በአሳቡ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። የሚለየው ግን አባላቱ ሁሉ ወጣቶች መሆናቸውና ርዳታቸው ከማኅበርተኛው ዐልፎ ወደማያውቁት ሰው መሄዱ ነው።

አሁን ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ወደ ለንደን እንሻገር። በ1844 በዚያች ከተማ ጆርጅ ዊልያምስ የሚባል የገበሬ ልጅ ከገጠር መጥቶ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ሻጭ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። ለንደን በዚያን ጊዜ በፋብሪካና በንግድ እያበጠች የምትሄድ ከተማ ነበረች። ከገጠር የሚጎርፉት ወጣቶች በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ይሠራሉ፤ ማታም ከመደብሩ በላይ ባሉት ጠባብ ክፍሎች ተጣበው ያድራሉ። ሥራ ሲፈቱ የሚጠብቃቸው መጠጥ ቤትና ጎዳና ብቻ ነው። ከወገራ ወይም ከጭልጋ ገጠር ወጥቶ ዘመድ በሌለበት ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ያለበትን ብቸኝነት የምታውቁ ሁሉ የእነዚያን ወጣቶች ኑሮ ለመገመት አይከብዳችሁም። ዊልያምስ ጁን 6 ቀን 1844 ከ11 ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ለጸሎትና ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የሚሰበሰብ ማኅበር አቋቋመ። የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር የተወለደው በዚህ ቀን ነው። ማኅበሩ ጸሎት ቤት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የንባብ ክፍል፣ የማታ ትምህርት፣ ንግግር የሚደረግበት አዳራሽ እያለ ተስፋፋ።

የሎንዶኑ ማኅበር ወሬ ጄኔቫ ሲደርስ ዱናንትና ጓደኞቹ የራሳቸው ሐሳብ በሌላ አገር በቅሎ ያገኙት ያህል ተደሰቱ። ኖቬምበር 30 ቀን 1852 የጄኔቫን ማኅበር መሠረቱ። ሊቀ መንበሩ ማክስ ፔሮ ሆነ፤ ዱናንት ጸሐፊነቱን ያዘ። ተማሪዎች ሆይ፣ በማኅበር ውስጥ የሊቀ መንበር ስም ይታወቃል፤ የጸሐፊ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። ይሁን እንጂ የዚህ ማኅበር ታሪክ የተለወጠው በጸሐፊው ብዕር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዱናንት ቀን በባንክ ቤት ሲሠራ ውሎ ማታ ደብዳቤ ይጽፋል። ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ቤልጅግ፣ ወደ ሆላንድ፣ ወደ ጀርመን፣ ወደ እንግሊዝ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ማኅበር ባለበት ከተማ ላሉት የሌሎቹን ወሬ ይነግራቸዋል፤ ማኅበር በሌለበትም እንዲመሠርቱ ያደፋፍራቸዋል። በአካል ያልተዋወቁ ወጣቶች በእነዚህ ደብዳቤዎች አማካይነት የአንድ ቤተ ሰብ አባላት የሆኑ ያህል ተዋወቁ። ዱናንትና የጄኔቫ ጓደኞቹ ማኅበሮቹ እየተጻጻፉ ብቻ እንዲቀሩ አልፈለጉም፤ ከልዩ ልዩ አገርና ከልዩ ልዩ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ወጣቶች በአንድ ጉባኤ እንዲገናኙ ግፊት አደረጉ።

በ1855 በፓሪስ ከተማ ታላቅ ዓለም አቀፍ የኢንዱስትሪ ትርኢት ተዘጋጅቶ ስለ ነበር ብዙ ሰው ወደዚያ ይጎርፍ ነበረ። ወጣቶቹም አጋጣሚውን ተጠቅመው በኦገስት ወር በዚያው ተሰበሰቡ። ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የመጡ 99 መልእክተኞች ተገኙ። አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ሲሆኑ ዱናንት ራሱ የ27 ዓመት ሰው ነበረ። ወሩ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1847 ዓ.ም. ላይ ይውላል። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር፣ ከእናንተ ከተማ በስተ ሰሜን ባለው ደጋ አገር፣ በጃናሞራ በምትገኘው በደረስጌ ማርያም፣ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጭነው ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ በሰሜን ተራራ ላይ የተከፋፈለችውን ኢትዮጵያ አንድ ለማድረግ በጦር ዘውድ ተጫነ፤ በፓሪስ ደግሞ የተበታተኑትን የወጣቶች ማኅበሮች አንድ ለማድረግ በብዕር ውል ተጻፈ። ሁለቱ ነገሮች አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ዘመኑን በአሳባችሁ እንድትይዙት ያህል ነው ጎን ለጎን ያቆምናቸው።

በፓሪስ የተጻፈው ውል የፓሪስ መሠረት ተብሎ ይጠራል። ቃሉ አጭር ነው። ኢየሱስ ክርስቶስን አምላካቸውና መድኃኒታቸው አድርገው የሚቀበሉትን ወጣቶች ለማስተባበር ማኅበሮቹ እንደሚተባበሩ ይገልጻል፤ በሌላ በሌላ ጉዳይ ያላቸው የአሳብ ልዩነት፣ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ ስምምነታቸውን እንዳያፈርስ ይወስናል። እያንዳንዱም ማኅበር በራሱ አስተዳደር ነጻ ሆኖ ይኖራል። እነዚያ ወጣቶች ከአባቶቻቸው ጭቅጭቅ የተማሩት ይህን ይመስላል፤ ሁሉን ነገር አንድ እናድርግ ቢሉ ኖሮ ኅብረቱ በዚያው አዳራሽ ውስጥ ሳይፈርስ አይቀርም ነበር። የዓለም ኅብረቱ ዋና ጽሕፈት ቤት ከ1878 ጀምሮ በጄኔቫ ይገኛል። ከቅርጫት ኳስ ሌላ የመረብ ኳስም በ1895 ከዚሁ ማኅበር ቤት ወጥቷል። በ1946 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ጆን ሞት የዚህ ኅብረት መሪ ነበረ። ማኅበሩ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በኢትዮጵያም ተቋቁሞ፣ በአዲስ አበባ ብዙ ወጣቶች በወወክማ ሜዳዎች ስፖርትን፣ በክፍሎቹም ልዩ ልዩ ሙያን ተምረዋል። በደርግ ዘመን ሥራው ተቋርጦ ከቆየ በኋላ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ እንደገና ተነሥቷል።

ወደ ዱናንት እንመለስ። ከፓሪስ ጉባኤ በኋላ ሰውየው አሳቡን ወደ ንግድ አዞረ። ቀደም ሲል በ1853 ለአንድ የስዊዘርላንድ ኩባንያ ጉዳይ ወደ አልጄሪያ ሄዶ ነበርና በዚያ አገር ስንዴ እያመረተ የሚፈጭ ትልቅ የወፍጮ ድርጅት ለማቋቋም ተመኘ። አልጄሪያ በጦር የተያዘች የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች። ለአውሮፓውያን ይታደል የነበረው መሬት የአገሬው ሰው ርስት መሆኑን ዛሬ የሚያነብ ሰው ሊዘነጋው አይገባም፤ ደግ ሰው የሚባለው ዱናንት ይህን ነገር የተጨነቀበት አይመስልም። ኩባንያውን በ1858 አቋቋመ፤ ዘመዶቹና ወዳጆቹም በእርሱ አምነው ገንዘባቸውን አገቡ። ነገር ግን ወፍጮው የሚዞርበትን ውሃና የሚበቃውን መሬት የቅኝ ግዛቱ ሹማምንት አልሰጥ አሉት። እርሱም ከታናናሾቹ ጋር ከምሟገት ወደ ታላቁ ልሂድ ብሎ የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት ሦስተኛ ናፖሊዮንን ፍለጋ ተነሣ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ በሰሜን ጣሊያን ከአውስትሪያ ጋር በጦርነት ላይ ነበሩ።

ዱናንት ጁን 24 ቀን 1859 ማታ ካስቲልዮኔ ከምትባል ትንሽ ከተማ ደረሰ። በዚያን ዕለት በአጠገቧ በሶልፌሪኖ ከንጋት እስከ ምሽት ውጊያ ሲደረግ ውሎ ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮች ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ደብዛቸው ጠፋ። ቁስለኞቹ በጋሪና በሰው ትከሻ እየሆኑ ወደ ካስቲልዮኔ ጎረፉ። አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ገዳማቱ፣ የመኖሪያ ቤቶቹ፣ ጎዳናዎቹ ሳይቀሩ በእነርሱ ተሞሉ። ሐኪሞቹ ጥቂት ነበሩ፤ ውሃ ለመጠጣት የሚለምነውን ሁሉ የሚያጠጣ ሰው አልተገኘም። ዱናንት ሐኪም አይደለም፤ ወታደርም አይደለም፤ ስለ ወፍጮ ጉዳይ የመጣ ነጭ ልብስ የለበሰ መንገደኛ ነው። ሆኖም ጉዳዩን ትቶ ወደ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ገባ። የከተማዋን ሴቶችና ልጆች ሰበሰበ፤ ውሃ የሚቀዳውን፣ ቁስል የሚያጥበውን፣ ሾርባ የሚያመጣውን ከፋፈለ። ነጋዴዎችን ልኮ ፋሻና ሸሚዝ፣ ሎሚና ትምባሆ አስገዛ። ለሚሞቱት ወደ እናቶቻቸው የሚላከውን የስንብት ቃል ጻፈላቸው። ሴቶቹም የእርሱን አርአያ ተከትለው ወዳጅ የሆነውን ፈረንሳዊና ጠላት የሆነውን አውስትሪያዊ ሳይለዩ ማስታመም ጀመሩ። ሥራን ማከፋፈልና ደብዳቤ መጻፍ እርሱ በሐሙስ ማኅበርና በወጣቶቹ ማኅበር ጸሐፊነት የለመደው ሙያ መሆኑን አስተውሉ።

ወደ ጄኔቫ ከተመለሰ በኋላ ያየውን ሁሉ ጻፈ። የሶልፌሪኖ ትዝታ የሚለውን መጽሐፍ በ1862 በራሱ ወጪ 1,600 ቅጂ አሳትሞ ለነገሥታት፣ ለጄኔራሎችና ለታወቁ ሰዎች አደለ። በመጽሐፉ መጨረሻ በየአገሩ በሰላም ጊዜ የተዘጋጁ በጎ ፈቃደኛ አስታማሚዎች ማኅበር እንዲቋቋምና መንግሥታት ሁሉ ቁስለኛንና አስታማሚን የሚጠብቅ ስምምነት እንዲፈራረሙ ሐሳብ አቀረበ። በፌብሩዋሪ 1863 እርሱ ያለበት አምስት ሰዎች ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ከአምስቱ አንዱ ጉስታቭ ሞይኒዬ የሚባል ጠንቃቃ የሕግ ሰው ነበረ። ይህን ስም ያዙት፤ ኋላ እንደገና ይመጣል። ኦገስት 22 ቀን 1864 የ12 መንግሥታት መልእክተኞች የመጀመሪያውን የጄኔቫ ስምምነት ፈረሙ፤ በነጭ መደብ ላይ ያለ ቀይ መስቀልም የጥበቃ ምልክት ሆነ።

ይህ ምልክት በእኛ አገር ምን እንዳየ ለአንድ አፍታ እንመልከት። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ጓድ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ቁስለኞችን አክሟል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጣሊያን ጦር በድንበር ላይ ሲከማች፣ ተመሠረተ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ ቀይ መስቀል የተዘረጋበት ሆስፒታል ተመታ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 20 ቀን በደቡብ ግንባር በመልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል ጓድ በቦምብ ተደብድቦ ብዙ ሰው አለቀ። ጣሊያን ስምምነቱን ከፈረሙት አገሮች አንዷ ነበረች። ሶልፌሪኖም ያለችው በጣሊያን ምድር ነው።

ዱናንት በስምምነቱ ፊርማ ጊዜ የ36 ዓመት ሰው ሲሆን በአውሮፓ ቤተ መንግሥታት ሁሉ የተከበረ ነበረ። ክብሩ ግን ሦስት ዓመት እንኳ አልቆየም። ለወጣቶች ማኅበርና ለቁስለኞች ሲሮጥ የአልጄሪያው ወፍጮ ተዘንግቶ ነበር። ኪሳራውን ለመሸፈን ከአንድ ገንዘብ ወደ ሌላ ገንዘብ ሲያዛውር ቆይቶ፣ እርሱ ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ የሆነበት የጄኔቫ ባንክ በ1867 ወደቀ። የዱናንት ዕዳ ወደ አንድ ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ደረሰ። በማርች ወር ከጄኔቫ ወጣ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም የትውልድ ከተማውን ተመልሶ አላያትም። በኦገስት 1868 ፍርድ ቤቱ የሥራ ጓደኞቹን እያወቀ አሳስቷል ሲል ፈረደበት። ሞይኒዬም ከቀይ መስቀሉ ኮሚቴ እንዲወጣ አደረገ። በዚያው ዓመት እናቱ ሞተች። በዚያው ዓመት፣ እርሱ ከጓደኞቹ ጋር የመሠረተው፣ ስንት ሌሊት ደብዳቤ የጻፈለት የጄኔቫ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ከአባልነት አስወጣው። የ1868 ሚያዝያ በእኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ የወደቁበት ወር መሆኑን ታስታውሳላችሁ፤ በ1855 የተነሡት ሁለት ሰዎች በአንድ ዓመት ወደቁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብላችሁ እንድታመዛዝኑ እንሻለን። የጄኔቫ ማኅበር የበደለ ይመስላችኋልን? በዱናንት ቃል አምነው ጥሪታቸውን የሰጡት ሰዎች የታሪክ ሰዎች ስላይደሉ ስማቸውን የሚያነሣ የለም፤ ከመካከላቸው የገዛ ቤተ ሰቦቹ ነበሩ። ጄኔቫ ደግሞ ንግድን ከሃይማኖት ጋር አጥብቃ የያዘች ከተማ ናት፤ ከሳሪ ነጋዴ በዚያ እንደ ኃጢአተኛ ይቆጠር ነበር። ማኅበሩ ወጣቶችን ታመኑ ብሎ እያስተማረ በማታለል የተፈረደበትን ሰው በመዝገቡ ላይ ይዞ መቆየት አሳፍሮት ይሆናል። ይህን ሁሉ ብንቀበልም፣ በወህኒ ቤት ላሉ እስረኞች መጽሐፍ ሊያነብ ይሄድ የነበረ ማኅበር የራሱ እስረኛ ሲያጋጥመው በሩን መዝጋቱ በእኛ ዓይን ከባድ ነገር ሆኖ ይታያል። ስሙን ከመዝገብ መሰረዝ አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው በየት ያድራል፣ ምን ይበላል ብሎ አለመጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ሞይኒዬ ደግሞ በየአገሩ ለዱናንት ሊደርስ የነበረውን ርዳታ እስከ መከልከል ደርሷል ይባላል።

ከዚያ በኋላ ያሉት 20 ዓመታት የመንከራተት ዓመታት ናቸው። በፓሪስ በጎዳና ወንበርና በባቡር ጣቢያ ማረፊያ ያደረበት ሌሊት አለ። ያረጀውን ጥቁር ኮቱን በቀለም እያጠቆረ፣ የሸሚዙን ክሳድ በጠመኔ እያነጣ ይለብስ ነበረ። በባዶ ሆዱም ቢሆን ሐሳቡ አላቆመም። በ1870 ፓሪስ በፕሩሲያ ጦር ስትከበብ ለቁስለኞችና ለሕዝቡ ርዳታ ያሰባስብ ነበር፤ ኋላም ስለ ጦር ምርኮኞች አያያዝና ስለ ባሪያ ንግድ መቅረት በእንግሊዝ አገር እየተዘዋወረ ንግግር አድርጓል። አንድ ጊዜ በንግግር ላይ ሳለ ከረኃብ የተነሣ ተዝለፍልፎ ወድቋል።

በ1887 ታሞና ተዳክሞ ሃይደን ወደምትባል የስዊዘርላንድ የደጋ መንደር ደረሰ። ከመንደሯ ቁልቁል የኮንስታንስ ሐይቅ ይታያል፤ ከጎርጎራ ዳገት ላይ ጣናን ያየ ሰው የስፍራውን መልክ በጥቂቱ ሊገምት ይችላል። ዶክተር ሄርማን አልቴር የተባለ ሐኪም በርኅራኄ ተቀበለው። ከ1892 ጀምሮ በመንደሩ ሆስፒታል በ12 ቁጥር ክፍል ተቀመጠ። በዓለም ላይ ያለው ሰው ግን ዱናንት ከሞተ ቆይቷል ብሎ ያስብ ነበር። በ1895 ጌኦርግ ባውምበርገር የሚባል ጋዜጠኛ አግኝቶት ታሪኩን ጻፈ፤ ጽሑፉም በብዙ አገር ጋዜጦች ላይ ወጣ። ነጭ ጢሙን ያስረዘመ ሽማግሌ፣ ረጅም ካባ ለብሶ በድሆች ማረፊያ መቀመጡን ያነበበው ሁሉ ተገረመ። ደብዳቤና ርዳታ ከየአገሩ ይመጣለት ጀመር።

በ1901 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ ዱናንትና የፈረንሳዩ የሰላም ጠበቃ ፍሬዴሪክ ፓሲ እኩል ተካፈሉት። የዱናንት ድርሻ 104 ሺህ የስዊዝ ፍራንክ ነበረ። አበዳሪዎቹ ገንዘቡን እንዳይወስዱበት ሃንስ ዳይ የተባለ የኖርዌይ የጦር ሐኪም በኖርዌይ ባንክ እንዲቀመጥ አደረገ። ዱናንት ለራሱ ምንም አላወጣም። ክፍሉን አልለወጠም፤ ምግቡን አላሻሻለም። የሚያስጨንቀው ግን ሳይከፈል የቀረው ዕዳ ነበረ። በእርጅናው ዘመን አበዳሪዎቹ ደርሰው የሚይዙት፣ ጠላቶቹም ምግቡን የሚመርዙበት እየመሰለው ይፈራ ነበር።

ሞይኒዬ በኦገስት 1910 ሞተ። ሁለቱ ሰዎች ሳይታረቁ ቀሩ። ዱናንት ኦክቶበር 30 ቀን በዚያው ዓመት ማታ በ82 ዓመቱ አረፈ። እንደ ፈቃዱም በዙሪክ በዚልፌልድ መቃብር ያለ ሥነ ሥርዓት ተቀበረ። በኑዛዜው ላስታመሙት ሰዎች ስጦታ ተወላቸው፤ ከቀረውም ገንዘብ ለኖርዌይና ለስዊዘርላንድ በጎ አድራጎት ድርጅቶች አከፋፈለ። ለሃይደን ሆስፒታልም ገንዘብ ሰጥቶ፣ ከመንደሩ ድሆች መካከል ታሞ የሚከፍለው ያጣ ሰው ዘወትር በነጻ የሚተኛበት አንድ አልጋ እንዲዘጋጅ አዘዘ።